ከግንባር የሚሠራ አፍንጫ

ኖማ የሚጀምረው ከድድ ነው። በኩፍኝ ወይም በምግብ እጥረት የተዳከመ ሕፃን ድዱ ይቆስላል፣ አፉ ይሸታል፣ ፊቱ ያብጣል። ከዚያ በቀናት ውስጥ በሽታው ጉንጩን፣ ከንፈሩን፣ አንዳንዴም አፍንጫውን ይበላዋል። ሳይታከሙ ከቀሩት አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ የተረፉት ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ያድጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ከተዘነጉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው። እጅግ ዘግይቷል።

የጠፋ አፍንጫን መልሶ መሥራት ግን የቆየ ጥበብ ነው። ሕንዶች ከግንባር ቆዳ አፍንጫ ይሠሩ ነበር፤ ወሬው እ.ኤ.አ. በ1794 በአንድ የለንደን መጽሔት ከወጣ በኋላ ጆሴፍ ካርፑ የተባለ ሐኪም በ1814 እዚያው ለንደን ሠራው። መሠረቱ ዛሬም አልተለወጠም።

ሐኪሙ በመጀመሪያ የጎደለውን ያህል ልክ ይቆርጣል፤ ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚያገለግለው የስፌት ክር የመጣበት የብር ወረቀት ነው። ልኩን ግንባር ላይ ገልብጦ ያሰምራል፣ ቆዳውን ያነሳል። ከቅንድብ ሥር ያለውን ጫፍ ግን አይቆርጠውም፤ ደም የሚያደርሰው ሥር በዚያ ያልፋል። ቆዳው ዞሮ አፍንጫው ላይ ይሰፋል። ሕመምተኛው ወደ 3 ሳምንት ገደማ ከቅንድቡ እስከ አፍንጫው የተዘረጋ ቆዳ ይዞ ይቆያል። በዚያ ጊዜ አዲሱን አፍንጫ ሲነኩት ግንባሩን የነኩት ይመስለዋል! አፍንጫው ከዙሪያው ደም ማግኘት ሲጀምር መሸጋገሪያው ይቆረጣል።

ከባዱ ሥራ የውስጡ ነው። አፍንጫ ውጫዊ ቆዳ፣ መካከል ላይ የሚደግፍ ልም አጥንት፣ ከውስጥም ስስ ሽፋን አለው። ልም አጥንቱ ከጎድን ወይም ከጆሮ ይወሰዳል። የውስጥ ሽፋኑ ካልተተካ ግን አፍንጫው ተኮማትሮ ቀዳዳው ይጠባል። በሥጋ ደዌ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቆዳው እያለ ውስጡ ስለሚፈርስ አፍንጫው ይሰረጉዳል፣ ጥገናውም ከውስጥ ይጀምራል።

ለኖማ ተጎጂዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው የብሪታንያው በጎ አድራጎት ድርጅት ፌሲንግ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ቡድን አዲስ አበባ ድረስ ሲልክ ቆይቷል። ከጣና ዳር ገጠር ለሚነሳ ሰው ያ ረጅም መንገድ ነው።

ኖማ ገና ድድ ላይ እያለ ግን በፀረ ተህዋስያን መድኃኒት፣ አፍን በማጠብና በተመጣጠነ ምግብ ይቆማል። ስለዚህ በዘጌም ሆነ በጎርጎራ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በዙሪያዋ ያላችሁ ወላጆች፣ የልጃችሁ ድድ ቆስሎ አፉ ከሸተተ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የኩፍኝ ክትባቱንም አታሳልፉበት።