ገመድ አልባው የፖሊሽ ማሽን ለዓለም ጤና ላቫጆ ያዋጣ ይሆን?

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አሮጌው አስፋልት ላይ ቆቃ ታልፋ መቂ ሳይደረስ የምትገኘው ዓለም ጤና የቦራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መኪና አጥቦና ወልውሎ ማደር በዚህ መስመር የቆየ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከሞጆ እስከ ባቱ የተዘረጋው የክፍያ ፈጣን መንገድ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ፣ ወደ ደቡብ የሚወርድ የቤት መኪና ከተማ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት አጥቷል። ወርዶ ሻይ የሚጠጣ ሾፌር ሲቀንስ፣ ሻዩን እስኪጠጣ መኪናውን የሚያሳጥበውም አብሮ ይቀንሳል። ላቫጆው እንግዲህ ደጁ ላይ ተቀምጦ ደንበኛ ከሚጠብቅ ደንበኛው ወዳለበት ቢሄድ ይሻለዋል ማለት ነው። በባትሪ የሚሠራ የፖሊሽ ማሽን ገዝቶ፣ በባጃጅ ጭኖ፣ በመቂና በባቱ እየዞሩ የመሥራት ሐሳብ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ለፖሊሽ ሥራ ጊዜው መጥፎ አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ማስገባትን ከባድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቪትዝም ሆነ ኮሮላ የያዘ ሰው አውልቆ የሚጥለው ልብስ ሳይሆን ጠብቆ የሚያኖረው ጥሪት ነው የያዘው። የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴው ጥሩ ምርት ባገኘበት ወቅት የሚያየውም ይህንኑ መኪና ነው። ቀለሙ ያበራ መኪና ከደበዘዘው ቀድሞ እንደሚሸጥ ለደላላ መንገር አያስፈልግም።

ለመሆኑ ማሽኑ ምንድን ነው? የፖሊሽ ማሽን በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ግራይንደር ባለበት ይዞራል፤ ሌላው እየዞረ በዚያው ይወዛወዛል። የመጀመሪያው ጭረት ቶሎ ያነሳል፤ እጁ ያልለመደ ሰው ከያዘው ግን ቀለም ያቃጥላል። ሁለተኛው ዘገምተኛ ነው፤ በጀማሪ ላይ ግን አይጨክንም። ሁለቱም በባትሪ ተሠርተው ይገኛሉ። የጀርመኑ ፍሌክስ፣ የጣሊያኑ ሩፔስ፣ ማኪታ፣ ሚልዎኪና ዲዎልት ሁሉም ገመድ አልባ ፖሊሸር አላቸው። በጉልበትም ቢሆን ደህናዎቹ ከገመዱ ማሽን ብዙም አያንሱም። ጥያቄው የሚነሳው ባትሪው ላይ ነው።

ባትሪው 18 ቮልት፣ 5 አምፔር ሰዓት ይላል እንበል። ሁለቱ ሲባዙ 90 ዋት ሰዓት ይሆናል። ሥራ ላይ ያለ ማሽን በአማካይ 250 ዋት ቢወስድ፣ 90 ለ250 ሲካፈል የሚገኘው ከ20 ደቂቃ እምብዛም የማይበልጥ ሥራ ነው። ተጭነው ሲሠሩበት ከዚህም ያንሳል፤ ሰም ለመቀባት ብቻ ከሆነ ይረዝማል። አንድ የቤት መኪና ደህና አድርጎ በአንድ ዙር ለማውጣት ደግሞ ማሽኑ የሚዞርበት ጊዜ ብቻ ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ይህም ስምንት ጊዜ ያህል ባትሪ መቀየር ማለት ነው። ፈጣን የሚባለው ቻርጀር ያንኑ ባትሪ ለመሙላት 45 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። በ20 ደቂቃ የሚያልቀውን በ45 ደቂቃ የሚሞላ አንድ ቻርጀር ሥራውን አይደርስበትም፤ ሁለት ወይም ሦስት ቻርጀር ያስፈልጋል። ቻርጀሩስ የሚሰካው የት ነው? ግድግዳ ላይ ነው። ገመዱ ከማሽኑ ወርዶ ቻርጀሩ ላይ ወጣ እንጂ አልጠፋም።

ነጋዴውን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው ዕድሜው ነው። የሊቲየም ባትሪ 500 ጊዜ ያህል ተሞልቶ ከተራገፈ በኋላ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በአራት ባትሪ በቀን አንድ መኪና የሚሠራ ላቫጆ እያንዳንዱን ባትሪ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል። 500 ለሁለት ሲካፈል 250 የሥራ ቀን ነው። ዓመት ሳይሞላ የባትሪ ግዥ እንደገና ይመጣል፤ የሚገዛውም በወቅቱ ምንዛሪ ነው። የገመዱ ማሽን በዚያ ዕድሜው የሚጠይቀው ቢበዛ ካርቦንና ኩሽኔታ ነው፤ ሁለቱንም የሰፈር ባለሙያ ይቀይራቸዋል። በዚህ ሒሳብ ሙሉ ቀን ሙሉ መኪና ለሚያወጣ ሰው ገመድ አልባው አያዋጣም።

ይሁንና ሒሳቡ እዚህ ላይ አያልቅም። ላቫጆ ማለት ውኃ ማለት ነው። 220 ቮልት የያዘ፣ መሬት ለመሬት የሚጎተት፣ አንዳንዴም ተልጦ በፕላስተር የተጠቀለለ ገመድ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ፣ ባዶ እግሩን ወይም በተቀደደ ቦቲ በቆመ ልጅ አጠገብ ምን ሊያደርስ እንደሚችል መገመት ቀላል ነው። ለዚህ ሲባል ብቻ ባትሪ የሚገዛ አሠሪ ቢገኝ ገንዘቡን አባከነ አይባልም። የመብራቱ ጉዳይም አለ። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ የቆቃ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ያመነጫል፤ መብራት ሲጠፋ ግን የቆቃ ጎረቤት መሆን አያድንም። ግማሹ ኮፈን ተወልውሎ ግማሹ ደብዝዞ መብራት የሄደበት ባለሙያ፣ የተሞላ ባትሪ ኪሱ ውስጥ ቢኖረው ደስ ይለዋል። ጄኔሬተር መፍትሔ ነው ቢባልም ነዳጁ፣ ጩኸቱና ሸክሙ አለበት፤ በሰው ግቢ ገብቶ ለሚሠራ ደግሞ ጩኸቱ ብቻ ደንበኛ ያሸሻል።

የስምጥ ሸለቆው አየር ሌላ ነገር ያመጣል። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳለ መሞላት የለበትም። ደህና ቻርጀር እስኪበርድ ይጠብቃል፤ ርካሹ ዝም ብሎ ይሞላል፤ ባትሪውም ያለ ዕድሜው ይሞታል። ቀትር ላይ በፀሐይ የዋለ ኮፈን ላይ ፖሊሹ ራሱ ደርቆ ይጋገራል። ሥራው በማለዳ ወይም በጥላ ሥር ነው የሚሆነው። አቧራውም ተራ አቧራ አይደለም፤ በእሳተ ገሞራ አገር አፈር ውስጥ ያለው ፑሚስ ራሱ መሞረጃ ነው። ሳይታጠብ ፖሊሽ የተጀመረ መኪና ጭረቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የላይኛው ገላጭ ቀለም ውፍረት ደግሞ የአንድ ተራ ወረቀት ግማሽ ቢሆን ነው። መኪናው በተሸጠ ቁጥር እየፋቁ ማብራት የት እንደሚያደርስ ደላሎች ቢያስቡበት አይከፋም። ገዢም የሚያብለጨልጭ መኪና ሲያይ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ፀሐይ ላይ አቁሞ ይመልከት፤ ጭረት በሰም የተሞላ እንደሆነ ከጥቂት እጥበት በኋላ ይመለሳል።

ገበያ ላይ ያለውን ዕቃ በተመለከተ ጥንቃቄው ቁጥሩ ላይ ነው። 48፣ 88፣ 98 የሚል ቁጥር በትልቁ የተጻፈባቸው የቻይና ባትሪዎች ተፈትተው ሲታዩ በተርታ የተያያዙ አምስት ሴሎች ናቸው። አምስት ሴል ሲሞላ 21 ቮልት ነው፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። ቮልቱን ያጋነነ ፋብሪካ አምፔሩንም አይምርም። ቀላሉ መፈተኛ ሚዛን ነው። በተለመደው ሴል የተሠራ እውነተኛ የ5 አምፔር ሰዓት ባትሪ አሥር ሴል ይይዛል፤ ክብደቱም 600 ግራም ገደማ ይሆናል። ግማሹን የሚመዝን ከሆነ ጉልበቱም ግማሽ ነው።

ከዱባይ በእጁ ለሚያመጣም ሰው ሕጉ ግልጽ ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይገባል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። የ5 አምፔሩ በ90 ያልፋል፤ የ6 አምፔሩ 108 ስለሆነ ያስጠይቃል። ለብቻው የታሸገ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በካርጎ እንዳይጫን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስለተከለከለ፣ በብዛት የሚመጣው በመርከብ በጅቡቲ በኩል ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። ባትሪ ደግሞ እንደ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ዋጋ እስኪወጣ አይጠበቅም፤ ሙሉ ተሞልቶ ሙቀት ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ ሳይሠራ ያረጃል። አስመጪው የሚያጣው ገንዘብ በመደርደሪያው ላይ እያለ ነው።

ገመድ አልባው የሚያዋጣበት ሥራ ግን አለ፤ ያውም ማንም እንደ ሥራ ያልቆጠረው። በፀሐይ ብዛት የገረጣ የፊት መብራት የአሮጌ ቶዮታ ሁሉ መለያ ነው። መብራቱን በውኃ በተነከረ ብርጭቆ ወረቀት ከሻካራ ወደ ልስልስ አሽቶ፣ በትንሿ የ75 ሚሊ ሜትር ማሽን ማጥራት ይቻላል። ለሁለቱ መብራት አንድ ባትሪ ይበቃል፤ መኪናው ከቆመበት አይነሳም፤ መብራትም ግድግዳም አያስፈልግም። ፀሐይ የሚከላከል ሽፋን ካልተቀባበት ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይገረጣል፤ ሽፋኑን ያልቀባ ባለሙያም ያንን ደንበኛ ሁለተኛ አያየውም። ቀለም የተነካካ ቦታ ማስተካከል፣ መስታወት ዙሪያና ባምፐር፣ ትልቁ ማሽን የማይገባበት ጥግ ሁሉ የዚህችው ትንሽ ማሽን ነው።

በዓለም ጤና ደረጃ ላለ ላቫጆ እንግዲህ ትልቁን የገመድ ማሽን ግቢው ውስጥ ተክሎ፣ ትንሿን ከሁለት ባትሪ ጋር ለመንገድ ማዘጋጀት ይቀላል። ትራፓኖ ወይም ግራይንደር በባትሪ ያለው ሰው ማሽኗን ያለ ባትሪ፣ በዚያው ፋብሪካ ስም መግዛት ይችላል፤ ከዋጋው ላይ የሚቀነሰውም ቀላል አይደለም።