ሸክላው ተመለሰ፤ ካሴቱስ?

የሙዚቃ ዲስኩን አማርኛ «ሸክላ» ይለዋል። ያ ሸክላ አሁን ተመልሷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በቁጥር ከሲዲ በልጦ ተሸጧል። የማሕሙድ አሕመድና የሙላቱ አስታጥቄ የድሮ ሥራዎችም በአውሮፓ እንደገና ታትመው ይሸጣሉ።

የእኛ የሸክላ ዘመን አጭር ነበር። የማሳተም ፈቃዱ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ደፍሮ ጣሰ፤ ቅጂውን ውጭ አገር፣ ሕንድና ሊባኖስ እየላከ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አሳተመ። አብዮቱ መጣ፣ የሰዓት እላፊው የማታውን ጭፈራ ገደለው፣ አምሃም እ.ኤ.አ. በ1975 ተሰደደ። ሌላው አሳታሚ አሊ አብደላ ካይፋ ጥቂት ዓመት ገፋበት፤ ከዚያ ገበያውን ካሴት ወረሰው።

«ሸክላ ይሻላል ወይስ ሌላው?» የሚለው የቆየ ክርክር ለሰሜን ጎንደር ሰው ጎዶሎ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሸክላ የከተማ ነገር ነበር። መብራት ላልነበረበት ደጋና ቆላ፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ እስከ ድብ ባሕር ላለው አገር የሚስማማው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ነበር። ለአዝማሪውም እንዲሁ። የነጠላ ሸክላ አንድ ገጽ አራት አምስት ደቂቃ ቢይዝ ነው፤ በሠርግ ቤት ማሲንቆውን ይዞ የተነሣ የጎንደር አዝማሪ በዚያ ጊዜ ገና እንግዶቹን እያወደሰ ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት ግን በአንድ ገጽ ግማሽ ሰዓት ይሰጠዋል። ግጥም ሰጪውም፣ ሳቁም፣ እልልታውም አብሮ ይቀረጻል።

ችግሩ ዕድሜው ነው። የሸክላ ድምፅ በፕላስቲክ ላይ የተቆረጠ ቦይ ስለሆነ በጥንቃቄ ከተያዘ ዘመን ይሻገራል። የካሴት ክር በፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተያዘ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ሙጫውን ያላላዋል፣ ዱቄቱ ይረግፋል። ክሩ በተጠላለፈ ቁጥር በእስክሪብቶ እያጠነጠንን ስንት ዘፈን አድነናል! የረገፈ ዱቄትን ግን የሚመልስ እስክሪብቶ የለም። በውጭ ያሉ አሳታሚዎች ካሴትንም አልረሱም፤ የሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. የ1985 ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. በሸክላ ወጥቷል። በየሠርጉ የተቀዳውን የአዝማሪ ካሴት የሚፈልግ ገበያ ግን አላየሁም፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

እነዚያን ካሴቶች የማዳኑ ሥራ በፍላሽ እንደ መገልበጥ ፈጣን አይደለም። የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት 60 ደቂቃ ያህል መጫወት አለበት። በዚያ ሰዓት ውስጥ አዝማሪው ማንን እንደሚያወድስ፣ የትኛው መንደር እንደተጠራ፣ ሰሙ ከየት ወርቁ ከየት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከጎን ተቀምጦ መጻፍ ይኖርበታል። እነዚያ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል፤ ካሴቶቹም አሁንም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ናቸው።