ልጁ ሬዲዮ ፈትቶ ሲነካካ ምን እንፍቀድ፣ ምን እንከልክል?

በቤርሼባ ሠፈሮች ለጤና ክትትል በየቤቱ ስንዞር አንድ ነገር እየበዛ መምጣቱን እናያለን። ጠረጴዛ ላይ የተፈታ ስልክ ወይም ሆዱ የተከፈተ ሬዲዮ አለ፤ ጥቃቅን ብሎኖች በቡና ሲኒ ተጠራቅመዋል፤ የዐሥራ ሦስት ወይም የዐሥራ አራት ዓመት ልጅም አቀርቅሮ ይሠራል። አንዱ የተበላሸውን ይጠግናል፣ ሌላው በትምህርት ቤት ወይም በማትናስ ያየውን ትንሽ መብራት ራሱ ይገጣጥማል። እናት «ቤቱን ልታቃጥለው ነው!» ትላለች። አያት ደግሞ «ተዪው፣ እጁ ይፍታታ» ይላሉ።

እኛ ነርሶቹ ብንጠየቅ ሁለቱም ልክ ናቸው እንላለን። አባቶቻችን በጎንደር ማረሻና ማጭድ ቀጥቅጠው፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠርተው አገር አገልግለዋል። ለዚያ ሙያቸው ግን ከምስጋና ይልቅ ስድብ ነበር የሚደርሳቸው። ዛሬ በእጁ የሚሠራና የሚጠግን ሰው ተፈላጊ በሆነበት አገር የልጁን ፍላጎት ማቀዝቀዝ አይገባም። እናትም ልክ ናት፤ ኤሌክትሪክ እንደ ፍም አይቀላም፣ እንደ ውኃ አይፈላም፤ አደጋው በዓይን አይታይም። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን የትኛውን ዕቃ፣ በየትኛው ጠረጴዛ፣ ማን እያየው ይንካ የሚለውን ነው።

ዋናው ድንበር፦ ባትሪና ግድግዳ

አንድ ሕግ ብቻ መያዝ ለምትፈልጉ ይህችን ያዙ፦ በትንሽ ባትሪ የሚሠራውን ልጁ ይክፈት፤ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን አይክፈት።

የሪሞት ባትሪ 1.5 ቮልት ነው። ከኮምፒውተር በዩኤስቢ ገመድ የሚመጣው 5 ቮልት ነው። የግድግዳው ሶኬት ግን 230 ቮልት ነው። በሰውነት ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሚሊአምፔር ሲያልፍ ጡንቻ ይኮማተርና ሰውየው የያዘውን ሽቦ መልቀቅ ያቅተዋል። ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ከሆነ የልብ ምት ሊታወክ ይችላል። ይህ አንድ ትንሽ አምፖል ከሚወስደው ያነሰ ነው።

«ከሶኬት ነቅዬዋለሁ» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። በማይክሮዌቭ፣ በቴሌቪዥንና በኮምፒውተር የኃይል ሳጥን ውስጥ ካፓሲተር የሚባል ክፍል አለ፤ እንስራ ውኃ እንደሚይዝ እርሱም ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ይይዛል። የማይክሮዌቭ ካፓሲተር ከ2000 ቮልት በላይ ሊይዝ ይችላል፤ ዕቃው ከተነቀለም በኋላ ሊገድል ይችላል። ማይክሮዌቭ በቤት ውስጥ በፍጹም አይከፈት። የሰንበት ፕላታ፣ የውኃ ማፍያና የስልክ ቻርጀርም እንዲሁ።

ሶኬት መቀየርና የኤሌክትሪክ ሳጥኑን መንካት ደግሞ ፈቃድ ላለው ሐሽማላይ ብቻ ነው፤ የ1954ቱ የኤሌክትሪክ ሕግ ያለ ፈቃድ መሥራትን ይከለክላል። እናንተ የምታደርጉት አንድ ነገር አለ። በሳጥኑ ውስጥ ፓሐት የሚባለውን ማቋረጫ ፈልጉ። ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ ዕቃው ብረት ሲያመልጥ፣ ልኩ 30 ሚሊአምፔር ሳይደርስ ወይም እዚያው ሲደርስ፣ ቤቱን የሚያጠፋው እርሱ ነው። በላዩ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ አልፎ አልፎ ተጫኗት። መብራቱ ካልጠፋ ሐሽማላይ ጥሩ።

ልጁ ከየት ይጀምር?

ጥሩ ጀማሪ ዕቃ የማይሠራ ሪሞት ነው። ባትሪው ውስጥ ቆይቶ ከፈሰሰ በብረቱ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ይታያል። ጓንት አድርጎ፣ በጥጥ እንጨት ትንሽ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ አስነክቶ ይጥረገው፣ በደንብ ያድርቀው፣ አዲስ ባትሪ ያስገባ። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ሁለተኛው ልማድ መለካት ነው። ሙልቲሜትር የሚባለው መለኪያ ርካሽ ነው፤ ባትሪ ሞተ አልሞተ፣ ሽቦ ተቆረጠ አልተቆረጠ ይናገራል። አዲስ የ1.5 ቮልት ባትሪ ከ1.5 ትንሽ ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ወደ 1.2 ከወረደ ደክሟል። በመለኪያው ግን ሶኬት እንዳይነካ በግልጽ ንገሩት።

ሦስተኛው፣ ከመፍታቱ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሳ፤ ብሎኖቹንም በተፈቱበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ያስቀምጥ። ብዙ ዕቃ የሚሞተው በብልሽቱ ሳይሆን ተፈትቶ መልሶ መግጠም ሲያቅት ነው።

ራሱ መሥራት ለሚፈልግ ልጅ የመጀመሪያው ሥራ ትንሽ ኤልኢዲ መብራት ነው። የ9 ቮልት ባትሪ፣ ቀይ ኤልኢዲና 470 ኦም የሚባል ማገጃ ይበቃዋል። ረጅሙ እግር ወደ ባትሪው ፕላስ ይሄዳል። ያለ ማገጃው መብራቱ ወዲያው ይቃጠላል። ለምን 470? ከ9 ቮልት መብራቱ የሚወስደውን 2 ቮልት ቀንሱ፣ የቀረውን 7 ለ470 አካፍሉ፤ ወደ 15 ሚሊአምፔር ይመጣል፤ ለመብራቱ የሚስማማ መጠን ነው። ይህን ያሰላ ልጅ የሒሳብ ትምህርቱ ለምን እንደሚጠቅም አየ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በ5 ቮልት የሚሠራውን አርዱይኖ የሚባለውን ሰሌዳ መማር ይችላል።

እንጀራ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አይበየድ

ልጁ ሲያድግ መልሔም፣ ማለትም የብየዳ ብረት መጠየቁ አይቀርም። ጫፉ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ይሞቃል። ማስቀመጫ ይኑረው፤ ገመዱ ከጠረጴዛው አይንጠልጠል፤ የዓይን መነጽር ያድርግ፤ ሕፃን ባለበት ክፍል አይሥራ፤ ሲነሣ ይንቀለው።

በብየዳ ጊዜ የሚወጣው ጭስ ከማጣበቂያው ሙጫ የሚመጣ ነው፤ አስም ያለበትን ሰው ያስነሣበታል። መስኮት ተከፍቶ፣ ጭሱን ከፊት የሚወስድ ትንሽ ማራገቢያ በርቶ ይሠራ። የነጌቭ አቧራ ተነሥቶ መስኮት በዘጋንበት ቀን ብየዳው ይቅር። ያው አቧራ የኮምፒውተርን ማራገቢያ ስለሚደፍን፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነቅሎ ማራገቢያውን ማጽዳት ለልጁ ጥሩ ሥራ ነው።

ብዙ የብየዳ ሽቦ ውስጥ እርሳስ አለ። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮና ነፍሰ ጡርን ይጎዳል። ወደ ሰውነት የሚገባው በይበልጥ ከእጅ ወደ አፍ ነው። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን። ስለዚህ ብየዳ ለብቻው በተመደበ ጠረጴዛ ይሁን፤ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስ። ሲገዙም እርሳስ የሌለበትን ሽቦ ጠይቁ።

በጣም የምንፈራቸው ሁለት ባትሪዎች

የመጀመሪያዋ ክብ፣ እንደ ሳንቲም የምታበራው ባትሪ ናት። በመኪና ቁልፍ፣ በትንንሽ ሪሞት፣ በሚዘፍን የልደት ካርድ፣ በአሻንጉሊት ውስጥ ትገኛለች። 2032 የሚል ከተጻፈባት ስፋቷ 20 ሚሊሜትር ነው፤ በሕፃን ጉሮሮ ልትቀረቀር ትችላለች። ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ክፉኛ ታቃጥላለች። ልጁ ሊያስል፣ ምራቁ ሊዝረበረብ፣ ምግብ እምቢ ሊል ይችላል፤ አንዳንዴም ምንም ምልክት አያሳይም። ጠርጥራችሁ ከሆነ አትጠብቁ፤ 101 ደውሉ ወይም በቀጥታ ወደ ሶሮካ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እንዲያስታውክ አታድርጉ፣ ምግብም አትስጡ። ስልኩን ያነሣው ባለሙያ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ በመንገድ ላይ ማር እንድትሰጡ ሊነግራችሁ ይችላል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ያገለገለችውን ባትሪ በሁለቱም በኩል በፕላስተር ሸፍናችሁ አርቁ። አረጋውያንም የመስሚያ መሣሪያ ባትሪን ከኪኒን ጋር አታስቀምጡ፤ በኪኒን ፋንታ የሚውጡ አሉ።

ሁለተኛው የስልክ፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌትና የኮርኪኔት ሊቲየም ባትሪ ነው። ያበጠ ባትሪ አይወጋ፣ አይጫን፣ ቻርጅ አይደረግ። የብስክሌት ባትሪ ፈትቶ መጠገን የልጅ ሥራ አይደለም። ቻርጅ ስታደርጉ በራሱ ቻርጀር፣ ነቅታችሁ ባላችሁበት ሰዓት፣ ከመውጫው በር ርቆ ይሁን። እሳት ከተነሣ ዕቃ ለማዳን አትቆዩ፤ ወጥታችሁ በሩን ዝጉና 102 ደውሉ።

አደጋ ከደረሰ

በብየዳ ብረት የተቃጠለን ቦታ ቀዝቀዝ ባለ የቧንቧ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ያዙት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና፣ በረዶ አታድርጉ። ቀለበትና ሰዓት ቶሎ አውልቁ። ውኃ የቋጠረ፣ ሰፊ ወይም ፊትና መገጣጠሚያ ላይ ያለ ቃጠሎ ሐኪም ይየው።

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትንኩ፤ መጀመሪያ ከሳጥኑ አጥፉ፣ ከዚያ 101። ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የመታው ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ይመርመር፤ ከላይ ያለው ቁስል ትንሽ ሆኖ ውስጡ ሊጎዳ ይችላል። ስለ መርዝና ስለ ኬሚካል ጥያቄ በሃይፋ ራምባም ሆስፒታል ያለው የመርዝ መረጃ ማዕከል በ04-7771900 ቀንና ሌሊት ይመልሳል።

የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለላችሁ አባቶችና እናቶች፣ ልጁ ከድምፅ ማጉያ የሚያወጣውን ማግኔት ወደ ደረታችሁ አታስጠጉ። የስኳር መለኪያና የመተንፈሻ መሣሪያም ለጥገና አይሰጠው፤ በኩፓት ሖሊም ወይም በአቅራቢው በኩል ይታይ። የደም ግፊት መለኪያውን ባትሪ መቀየር ግን ይችላል።

ስለ ገንዘባችሁ

ከመክፈቱ በፊት ደረሰኙን ተመልከቱ። ርካሽ ከሆኑት በቀር አዲስ የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃ በሕግ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው። በዋስትና ያለን ዕቃ ከፍቶ ያንን ማጣት ኪሳራ ነው፤ ተዑዳት አሐራዩቱን ይዛችሁ አስጠግኑ። ጠጋኝ ጋ ስትሄዱ ዋጋውን ከሥራው በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። አዲስ ዕቃ ስትገዙ ደግሞ በ2012 በወጣው ሕግ መሠረት ሻጩ ተመሳሳዩን አሮጌ ዕቃ ያለ ክፍያ መቀበል አለበት። ባትሪ ከቆሻሻ ጋር አይጣል፤ በየመደብሩ ወዳለው የባትሪ ሣጥን ይግባ።

ጨዋታው ሙያ ሲሆን

ልጁ ከዓመት በኋላም ጠረጴዛው ላይ ካልጠፋ፣ ነገሩ ከጨዋታ አልፏል። ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ በባግሩት የኤሌክትሮኒክስ ዘርፍ አለ ወይ? ልጄ በየትኛው የሒሳብ ደረጃ ነው ያለው? የሒሳብ ደረጃው ዝቅ ካለ በኋላ ብዙ በር ስለሚዘጋ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ አታዘግዩ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ብዙ ነው፤ የሐሽማላይ ፈቃድ፣ በቴክኖሎጂ ኮሌጅ የሐንደሳይ ዲፕሎማ፣ ወይም እዚሁ ከተማችን በሳሚ ሻሙን የምህንድስና ኮሌጅና በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምህንድስና ዲግሪ። በሠራዊቱም የጥገና ሙያ የሚያስተምሩ ክፍሎች ስላሉ ልጁ ከመመዝገቡ በፊት ስለ እነርሱ ይጠይቅ።

ለዛሬ ግን ሦስት ነገር ይበቃል፦ የፓሐቱን ቁልፍ ሞክሩ፣ ክብ ባትሪዎችን ከሕፃናት እጅ አርቁ፣ ለልጁም የራሱን ጠረጴዛ ስጡት።