ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ልጅና የቤተ ሰቡ ትዕግሥት

ልጅ በተወለደ ጊዜ በቤቱ እልልታ ይሰማል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ጎረቤቱም ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ዳሩ ግን አንዳንድ ጊዜ አዋላጂቱ ሕፃኑን ስትጠቀልል እጇ በድንገት ይቆማል። የሕፃኑ እግር ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ተረከዙ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ውስጥ እግሩም ወደ ሌላው እግር ዞሮ ታገኘዋለች። ከዚህ በኋላ እልልታው ወደ ሹክሹክታ ይለወጣል። አባት ዝም ይላል፤ እናት ታለቅሳለች፤ ሕፃኑም ከጠያቂ ዓይን እንዲሰወር እግሩ በነጠላ ይሸፈናል። በዚህ ወር ለክርስቲያን ቤተ ሰቦች ልናቀርብ ያሰብነው ጽሑፍ ስለ እነዚህ ልጆች ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

ይህ በቋንቋችን ቆልማማ እግር የሚባለው ነው። በዓለም ሁሉ ሲታይ ከ1,000 ሕፃናት አንዱ ያህል እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። በወንዶች ላይ ከሴቶች እጥፍ ያህል ይበዛል፤ ከእነዚህም ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለቱም እግሮቻቸው የታጠፉ ናቸው። ሕፃኑ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ከእግሩ በስተ ውስጥና በስተ ኋላ ያሉት ጅማቶችና ጡንቻዎች አጥረውና ጠንክረው ይቀራሉ፤ ለጋ የሆኑትንም የእግር አጥንቶች ወደ ውስጥ ስበው ይይዛሉ። በአንዳንድ ዘር ውስጥ ሲደጋገም ይታያል። እናቲቱ ከባድ ዕቃ ስለ ተሸከመች ወይም ስለ ደነገጠች የሚመጣ ግን አይደለም።

አራሱ ሕፃን በዚህ ምክንያት ሕመም አይሰማውም። ከዚህም የተነሣ ወላጆች «ሲያድግ ይስተካከላል» እያሉ ይዘናጋሉ። ነገር ግን በራሱ አይስተካከልም። ሳይታከም ያደገ ልጅ በእግሩ ጠርዝ፣ አንዳንዱም በእግሩ ጀርባ እየረገጠ ይሄዳል፤ ቆዳው ይደድራል፤ ይቆስላል፤ ጫማም እንቢ ይለዋል። ውሃ ለመቅዳት፣ ለማረስና ትምህርት ቤት ለመድረስ ረጅም መንገድ መሄድ በሚያስፈልግበት አገር የኑሮ በር ይጠብበታል።

የማን ኃጢአት ነው?

ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጌታችንን ጠይቀውት ነበር። ጌታችንም የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ ነገራቸው፤ ይህን በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ እናነባለን። ጥያቄው በዚያ ቀን መልስ አግኝቶ ሳለ በየመንደራችን ዛሬም «የአባቱ ግፍ ነው»፣ «የእናቱ እርግማን ነው» ይባላል። እንዲህ የሚል ሰው ራሱን እንደ ሃይማኖተኛ ይቈጥር ይሆናል፤ የሚያደርገው ግን ጌታ የዘጋውን ክርክር እንደ ገና መክፈት ነው።

በብዙ ኦርቶዶክሳዊ ቤት ግድግዳ ላይ የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል ይገኛል። ጻድቁ ከጸሎት ብዛት የተነሣ አንድ እግራቸው ተሰብሮ በአንድ እግራቸው ቆመው ይታያሉ። በዚህ ሥዕል ፊት ጧፍ እያበራ የገዛ ልጁን እግር የሚሸፍን ቤት ሥዕሉን ገና አላየውም።

ጠበልን ከሐኪም ጋር የሚያጣላም ቢኖር ከመጽሐፍ አላገኘውም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና የመድኃኒትም ፈጣሪ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። ቅዱስ ሉቃስም በሐዋርያት ሥራ በ3ኛው ምዕራፍ ከማኅፀን ጀምሮ ሽባ የነበረውን ሰው መፈወስ ሲጽፍ፣ ራሱ ሐኪም ነበረና፣ እግሩ ብቻ ሳይሆን ቁርጭምጭሚቱም እንደ ጸና ለይቶ ነግሮናል። ስለዚህ ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ ነገር ግን «አስቀድመን ጠበሉን እንሞክር፤ ካልሆነ በኋላ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» እያሉ ወራትን ማሳለፍ ልጁን ይጎዳል። እርጥብ ሸንበቆ በእጅ ይቃናል፤ የደረቀውን በእጅ ለማቃናት የሚሞክር ግን ይሰብረዋል።

ጀሶና የሌሊት ጫማ

ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበትን ሕክምና ያዘጋጁት ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የተባሉ ሐኪም ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1914 ዓ.ም. የእስፓኝ ግዛት በሆነችው በሚኖርካ ደሴት ከሰዓት ሠሪ አባት ተወለዱ። በአገራቸው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ቍስለኞችን ሲያክሙ ቈዩ፤ ተሰደውም በ1941 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያም ቀድሞ በልጅነታቸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ቢመረምሩ እግራቸው ደርቆና ሕመም ጸንቶበት አገኙ። ስለዚህ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እግርን በእጅ እያለዘቡ በጀሶ የማቃናትን መንገድ ሠሩ። ውጤታቸውን በ1963 ቢያሳትሙም አብዛኞቹ ሐኪሞች ወደ ቢላዋ አዘንብለው ስለ ነበረ ለ30 ዓመት ያህል የሰማቸው ጥቂት ነበረ። በ1995 የታተመ ጥናት ግን በእርሳቸው መንገድ በሕፃንነታቸው የታከሙትን ጐልማሶች መርምሮ ከ100ው 78ቱ እግራቸው ደኅና እንደ ሆነ ገለጠ። ሲወለዱ እግራቸው ምንም ካልነበረባቸው ሰዎች መካከል እንኳ እንዲሁ የተቈጠሩት ከ100ው 85 ነበሩ። ፖንሴቲ በ2009 ባረፉ ጊዜ መንገዳቸው በብዙ አገሮች ተቀባይነት አግኝቶ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባለሙያው እግሩን በቀስታ ወደ ውጭ እየመለሰ ከጣት እስከ ታፋ በጀሶ ያስረዋል። በየሳምንቱ ጀሶው ይፈታል፤ እግሩ ጥቂት ይመለሳል፤ እንደ ገናም ይታሰራል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ ይበቃል። ከዚያም በአብዛኞቹ ሕፃናት የተረከዙ ጅማት አጥሮ ስለሚቀር በጥቂት ማደንዘዣ በትንሽ ቀዳዳ ይቈረጣል፤ የመጨረሻውም ጀሶ ለ3 ሳምንት ይታሰራል፤ በዚህም ጊዜ ጅማቱ ረዝሞ ይገጥማል። ጀሶ ከታሰረ በኋላ የሕፃኑ ጣቶች ቢጠቍሩ፣ ቢቀዘቅዙ ወይም ቢያብጡ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል።

ለክርስቲያን ቤት በተለይ ልንነግር የምንወደው አለ። ጀሶ ውሃ ሲነካው ይፈርሳል። እንግዲህ ወንዱ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ለክርስትና ስትደርስ እግሩ በጀሶ ታስሮ ሊገኝ ይችላል። ወላጆች የጥምቀቱን ቀን አስቀድመው ለሐኪሙም ለካህኑም ቢነግሩ፣ ጀሶው የሚለወጥበት ቀን ከጥምቀቱ ጋር ሊስማማ ይችላል፤ አለዚያ ግን ከሁለቱ አንዱ ይበላሻል። ስለ ጠበልም ቢሆን ካህኑን ማማከርና ጀሶው እንዳይርስ መጠንቀቅ ይገባል።

ከጀሶው በኋላ ያለው ሥራ የሐኪሙ ሳይሆን የቤቱ ነው። ሕፃኑ በዘንግ የተያያዙ ሁለት ጫማዎች ይደረጉለታል። ለ3 ወር ያህል ከ24 ሰዓት 23ቱን፣ ከዚያም እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ በእንቅልፍ ጊዜ ሁሉ ይለብሳቸዋል። ብዙ ቤት የሚወድቀው በዚህ ነው። እግሩ ተቃንቶ ይታያል፤ ልጁ በሌሊት ያለቅሳል፤ አያት ታዝንና «ፍቱለት፣ ድኗል» ትላለች። ጫማው በተተወ ጊዜ ጅማቱ ተመልሶ ይስባል፤ እግሩም ይታጠፋል። በአንድ ሌሊት ልቅሶ የራሩለት ልጅ ኋላ በቢላዋ ፊት ይቆማል።

በኡጋንዳ ከ1999 ጀምሮ በተሠራው ሥራ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ይህን ጀሶ ማሰር ተምረው መልካም ውጤት ስላገኙ፣ ጥበቡ በታላላቅ ከተሞች ብቻ የሚቀር እንዳልሆነ ታውቋል። በአገራችንም በ2008 በአዲስ አበባ የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል እነዚህን ልጆች ከሚያክሙት አንዱ ነው፤ በክልሎችም ሕክምናው የሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች አሉ። ወላጅ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ሄዶ ወዴት እንደሚላክ ይጠይቅ።

ቢላዋ በተደጋገመ ጊዜ

ይህ ሁሉ ሳይደረግለት ያደገ ወይም እግሩ ተመልሶ የታጠፈበት ልጅ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የማይበቃበትም ምክንያት አለ። እግር እያደገ ይሄዳል፤ ጠባሳ ግን እንደ ጤነኛ ሥጋ አይለጠጥም። በ3 ዓመቱ የተፈታው በ7 ዓመቱ ተመልሶ ሊጠብቅ ይችላል። በልጅነት የሚፈቱት ጅማቶች ናቸው፤ ከፍ ሲል አጥንት ተቈርጦ ይቃናል፤ በጐልማሳነት መባቻም መገጣጠሚያዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲገጥሙ የሚደረግበት ጊዜ አለ። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ጅማታቸው በሰፊው የተፈታላቸውን ልጆች ካደጉ በኋላ ተመልክቶ ብዙዎቹ እግራቸው ደርቆና ታሞ እንዳገኘ ገልጧል።

በምናስተምርበት ትምህርት ቤት በ1998 ዓ.ም. 7ኛ ክፍል የገባ አንድ ልጅ እናስታውሳለን። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር፤ በዚያው ዓመት ሦስተኛው ተደረገለት። ሲመለስ፣ «ከቢላዋው ይልቅ የከበደኝ ሳይነግሩኝ መውሰዳቸው ነው፤ ዘመድ ጥየቃ እንሄዳለን ብለውኝ ነበር» አለን። ወላጆቹ ይህን ያደረጉት ከክፋት አልነበረም፤ ልጁ እንዳይፈራ ብለው ነው። ልጁ ግን ከዚያ ወዲያ ወደ ዘመድ ቤት በተሄደ ቍጥር ይፈራ ነበር።

12ኛ ክፍል በደረሰ ጊዜ አራተኛው ቀጠሮ ተነገረ። አባትየው ለጕዞው በሬ ሊሸጡ ቈርጠው ነበር። ልጁ ግን በዚህ ጊዜ ሐኪሙን ራሱ ጠየቀ፤ «ይህ የሚደረግልኝ መልኩ እንዲያምር ነው ወይስ ሕመሙ እንዲለቀኝ? ምንስ እከፍልበታለሁ?» አለ። ሐኪሙም ሕመሙ እንደሚቀንስለት፣ የተገጠመው መገጣጠሚያ ግን ዳግመኛ እንደማይታጠፍና ዳገት እንደሚከብደው ሳይሸሽጉ ነገሩት። የመጨረሻው ይሆን እንደ ሆነ ግን ቃል አልገቡለትም። ልጁ አስቦ ፈተናውን ካለፈ በኋላ እንዲሆን መረጠ። እናቱ አለቀሱ፤ አባቱ ግን «እግሩ የእርሱ ነው» ብለው ተስማሙ። ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። በሜዳ ያለ ሕመም ይሄዳል፤ በዳገት ይደክማል፤ ቅዝቃዜ ሲሆን ቁርጭምጭሚቱን ይይዘዋል። ድኗል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ይኸው ነው።

በቤት፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? በቤት ውስጥ ለልጁ እንደ ዕድሜው መጠን እውነቱን መንገር ነው። የታመመው እግር ብዙውን ጊዜ ከሌላው ያንሳል፤ ባቱም በማናቸውም ስፖርት አይሞላም፤ ይህን ቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ኋላ አያፍርበትም። ሁለት ልክ ጫማ መግዛት ቢያስፈልግ ወጪውን በፊቱ አናማርር። «ደከመኝ፣ ያመኛል» ሲል ሰነፍ አንበለው፤ ቀን ሙሉ የቆመበት እግር ማታ ያመዋልና።

በትምህርት ቤት «ሸፋፋ» የሚል ስም ሲወጣለት ሰምቶ ዝም የሚል መምህር ስሙን ራሱ እንዳወጣ ይቈጠራል። በጀሶ ታስሮ የሚሰነብተውን ልጅ ደብተር በጓደኛው እጅ መላክ፣ ክፍሉንም በምድር ቤት ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ብዙዎች የማያስቡት ፈተና አለ። ሳምንቱን ሙሉ በጫማ የተሸፈነ እግር በደጀ ሰላም ይገለጣል። በዚህ ምክንያት ብቻ ከቅዳሴ የሚቀሩ ወጣቶች አሉ። ያን ጊዜ ዓይናችንን ከእግሩ ማንሣት የእኛ ፋንታ ነው። ለረጅሙም ቅዳሴ አባቶቻችን መቋሚያን የሠሩት የሰው ጕልበት እንደሚደክም አውቀው ነውና፣ ልጁ ቢደገፍ ወይም ቢቀመጥ ማንም አይገሥጸው። ቁርጭምጭሚቱ የማይታጠፍ ሰው ስግደቱን እንዴት እንደሚፈጽም ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከር።

ወላጆች ሆይ፣ ሕፃናችሁ እግሩ ታጥፎ ቢወለድ ነጠላውን ግለጡትና በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪም ውሰዱት። የሌሊቱንም ጫማ ልጁ ቢያለቅስም አትፍቱ። ልጃችሁ አድጎ ብዙ ጊዜ በቢላዋ ያለፈ ከሆነ ደግሞ ስለ ገዛ እግሩ የሚናገረውን ስሙት። በውበት ደጃፍ ተቀምጦ የነበረውን ሰው በየቀኑ ተሸክመው የሚያመጡት ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸው አልተጻፈም፤ እርሱ ግን በዚያ ቀን በዚያ ሥፍራ የተገኘው በእነርሱ ትከሻ ነው። እግዚአብሔር የእነርሱን ጽናት ለየቤታችን ያድለን።