ሁሉን ማዳን በማይቻልበት ጊዜ ማን ይዳን

የሕክምና ጥበብ እየሰፋ በሄደ መጠን የሰው ሥቃይ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ነገር ግን አዲስ መድኀኒት በተገኘ ቍጥር አዲስ የፍርድ ጥያቄ አብሮት ይመጣል። ይኸውም «ሕመሙ በምን ይድናል?» የሚል ሳይሆን «ሁሉን ማዳን ካልተቻለ ማን ይዳን?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ሐኪም በመድኀኒቱ ብቻ ሊፈታው አይችልም፤ ፍርድን የሚያውቅ ኅሊና ያስፈልገዋልና።

ለዚህ ነገር የኵላሊት ሕክምና ታሪክ ምስክር ይሆናል። ኵላሊት ሥራውን ባቆመ ጊዜ በደም ውስጥ መርዝ ይከማቻል፤ ሕመምተኛውም ካልታከመ ይሞታል። በ1943 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር፥ አገሩ በጠላት እጅ ሳለች፥ ቪለም ኮልፍ የተባለ የሆላንድ ሐኪም ደምን አጥርቶ ወደ ሰውነት የሚመልስ መኪና ሠራ። በመጀመሪያ የታከሙት አብዛኞቹ ሞቱ። በ1945 በዚሁ መኪና ከሞት ያመለጠችው የ67 ዓመት ሴት ግን ከናዚዎች ጋራ ተባብራለች ተብላ የታሰረች ነበረች። ሐኪሙም ወዳጅና ጠላት ሳይለይ አዳናት። በዚህ ጊዜ የሐኪም ሕግ ግልጥ ነበር፤ በፊቱ የተኛውን ሕመምተኛ ማዳን ብቻ ነውና።

ጭንቁ የመጣው ሕሙማን ከመኪናው ቍጥር በበለጡ ጊዜ ነው። በ1960 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ዶክቶር ቤልዲንግ ስክሪብነር በክንድ ደም ሥር ገብቶ የሚቈይ የቴፍሎን ቧንቧ አበጀ፤ በዚህም ምክንያት ሕመምተኛው በየሳምንቱ እየተመላለሰ ለብዙ ዓመት መታከም ተቻለው። በ1962 ለዚህ ሕክምና የተለየ ጣቢያ ቢከፈትም መኪናዎቹ ጥቂት፥ ወጪው ከባድ፥ ሞትን የሚጠብቁትም ብዙ ሆኑ።

ስለዚህ ሐኪሞቹ ሕክምናው የሚጠቅማቸውን ከለዩ በኋላ፥ ከእነዚህ መካከል የሚገባውን የሚቈርጥ የሰባት ሰዎች ጉባኤ ተቋቋመ። በጉባኤውም አንድ የሃይማኖት አገልጋይ፥ ጠበቃ፥ የባንክ ሰው፥ የመንግሥት ሹም፥ የሠራተኞች መሪ፥ ሐኪምና አንዲት የቤት እመቤት ነበሩበት። የመዘኑትም ዕድሜን፥ ትዳርን፥ የልጆችን ብዛት፥ ሀብትን፥ ትምህርትን፥ ቤተ ክርስቲያን መሄድን ጭምር ነበር። «ላይፍ» የተባለው መጽሔት በዚያው ዓመት ይህን በገለጠ ጊዜ ብዙ ሰው ደነገጠ። ልብንና ኵላሊትን መመርመር የፈጣሪ ሆኖ ሳለ፥ ዳኞቹ እነርሱን የሚመስለውን ሰው መርጠዋል የሚል ብርቱ ነቀፌታ ደረሰባቸው።

ከዚህና ይህን ከመሳሰለው ጭንቅ የተነሣ የሕክምና ግብረ ገብ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። በ1970 ጄምስ ቻይልድረስ የተባለው ሊቅ፥ ሕክምናው የሚጠቅማቸው ሁሉ በሰውነታቸው እኩል ስለ ሆኑ በዕጣ ይለዩ ብሎ ጻፈ። ማትያስ በዕጣ ከሐዋርያት ጋራ እንደ ተቈጠረ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። ይሁንና የብዙ ሕፃናት እናት ዕጣ ሳይደርሳት ስትቀር የሚያይ ሰው ልቡ መጨነቁ አይቀርም። በ1979 ቻይልድረስ ከቶም ቢቻምፕ ጋራ ባሳተመው መጽሐፍ አራት መሠረቶች ተጽፈዋል፤ እነርሱም የሕመምተኛውን ፈቃድ ማክበር፥ ጕዳት አለማድረስ፥ በጎ ማድረግና በትክክል ማካፈል ናቸው።

በ1972 የአሜሪካ መንግሥት የዚህን ሕክምና ወጪ ለአብዛኞቹ ሕሙማን የሚከፍልበትን ሕግ አወጣ፤ እንደ ሲያትል ያለ ጉባኤም አላስፈለገም። ከዚህም ጨካኝ የሚመስለው ምርጫ ብዙ ጊዜ የበጀት ምርጫ እንደ ሆነ ይታያል። ነገር ግን ዛሬም መኪናው ከሕሙማኑ ያነሰባቸው አገሮች ብዙ ናቸው፤ ጥያቄውም በዚያ አልሞተም።

ምርጫ የግድ በሆነበት ስፍራ ሁሉ ሕጉ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ለሕዝብም ይገለጥ፤ ለዘመድና ለባዳ፥ ለሹምና ለድኻ አንድ ይሁን። ተራው ያልደረሰውም ሕመምተኛ ሥቃዩን የሚያቀልለት ሐኪም፥ የሚያጽናናውም ሰው አይጣ። ሕክምና ሁሉን ማዳን ባይችል እንኳ ማንንም አለመናቅ ይቻለዋልና።