ክብደት ሲቀነስ የሚነሳው ሪህ

ቦርጩን ሊያጠፋ ቆርጦ የተነሳ ሰው አለ እንበል። ቁርስ ትቷል፣ እራት አይበላም፣ በቀን አንዴ ትንሽ ነገር ቀምሶ ያድራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሱሪው ሰፋው። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ሌሊት የእግሩ አውራ ጣት ቀልቶና አብጦ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው፤ አንሶላ እንኳ ሲነካው አላስችል አለው። «ሐኪሙ ክብደት ቀንስ ያለኝ ሪሁ እንዲለቀኝ አልነበረም እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም።

ሐኪሙ አልተሳሳተም። ክብደት መቀነስ ወራት እየቆጠረ ሲሄድ ሪህን ያስታግሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ግን፣ በተለይ በችኮላ ከሆነ፣ የተኛውን ይቀሰቅሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

እዚህ የምናወራው ዩሪክ አሲድ ስለሚያመጣው ሪህ ነው። በየቤቱ የጉልበቱም የወገቡም ቁርጥማት ሪህ ይባላል፤ ሁሉም ግን አንድ በሽታ አይደለም፣ ሕክምናውም ይለያያል።

ዩሪክ አሲድ ፒዩሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲፈርስ የሚቀር ቆሻሻ ነው። ፒዩሪን በሥጋ ውስጥ ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በገዛ ሰውነታችን ሴሎች ውስጥም አለ፤ ሴሎቹ እያረጁ በአዲስ ሲተኩ ይፈርሳል። ከዩሪክ አሲዳችን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ የምግቡ ድርሻ አንድ ሦስተኛ ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ሥጋ እርግፍ አድርጎ የተወ ሰው ሪህ ቢነሳበት ሊደንቀን አይገባም። ቆሻሻውን የማስወጣት ሥራ በአብዛኛው የኩላሊት ነው። የብዙ ሕመምተኞች ችግርም ዩሪክ አሲድ አብዝቶ ማምረት ሳይሆን ኩላሊታቸው በበቂ አለማስወጣቱ ነው፤ ይህም በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለው።

በደም ውስጥ ያለው መጠን ከ6.8 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያልፍ ዩሪክ አሲዱ ሟሙቶ መቆየት ያቅተዋል። ያን ጊዜ መርፌ መሳይ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ይከማቻል። ቅዝቃዜ ይህን ያፋጥነዋል፤ ከልብ ርቆ ቀዝቀዝ የሚለው የእግር አውራ ጣት ቀድሞ የሚጠቃው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ክሪስታሉ ለዓመታት ሳይሰማን ሊቀመጥ ይችላል። እብጠቱና ሕመሙ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ሴሎች እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲዘምቱበት ነው። ዘመቻውን ሊቀሰቅስ የሚችለው ደግሞ የዩሪክ አሲድ መጠን በድንገት መውጣቱ ብቻ ሳይሆን በድንገት መውረዱም ጭምር ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ መድኃኒቱ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

ክብደት በዚህ ውስጥ የሚገባው በኢንሱሊን በኩል ነው። ስብ በተለይ ሆድ ላይ ሲከማች ሰውነት ለኢንሱሊን እሺ ማለቱን ይቀንሳል፤ ቆሽት ደግሞ ይህን ለማካካስ አብዝቶ ያመርታል። በደም ውስጥ የበዛው ኢንሱሊን ኩላሊት ዩሪክ አሲድን ከማስወጣት ይልቅ መልሶ እንዲያስቀር ያደርገዋል። ቦርጭ ሲቀንስ ይህ ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። በደቡብ አፍሪካ ሪህ ባለባቸው 13 ወንዶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ሰዎቹ አልተራቡም፤ በቀን 1600 ካሎሪ ገደማ እየበሉ በ16 ሳምንት በአማካይ 7.7 ኪሎ ቀነሱ። በወር በአማካይ 2.1 ጊዜ ይነሳባቸው የነበረው ሪህም ወደ 0.6 ወረደ። የ13 ሰው ጥናት ትልቅ ማስረጃ አይባልም፤ እኔን የሚስበኝ ግን ፍጥነቱ ነው። በሳምንት ሲሰላ ግማሽ ኪሎ አይሞላም።

በረሃብ ክብደት የሚቀንሰው ሰው ጉዳይ የተለየ ነው። ሰውነት በቂ ምግብ ሲያጣ ስቡን ማቃጠል ይጀምራልና ኬቶን የሚባሉ አሲዶች በደሙ ውስጥ ይበዛሉ። ኬቶኑና ዩሪክ አሲዱ በኩላሊት በኩል የሚወጡበት በር አንድ ስለሆነ ይጋፋሉ፤ ኬቶኑ ሲያልፍ ዩሪክ አሲዱ ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ላይ ጡንቻው ሲሟሽሽ የሴሎቹ ፒዩሪን ይጨመርበታል፤ ውሃ በበቂ ካልተጠጣ ወይም በሳውና ብዙ ላብ ከወጣ ደሙ ይወፍራል። እንጀራና ዳቦን ፈጽሞ አስቀርቶ በሥጋና በቅቤ የሚኖረው የኬቶ ዳይትም መጀመሪያ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሪህ ላለበት ሰው «በውሃ ብቻ ሰባት ቀን» የሚሉ ምክሮች አይበጁም ብቻ ሳይሆን አደገኛ ናቸው ብዬ አምናለሁ። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል።

የሃይማኖት ጾምን ከዚህ ጋር አንድ ማድረግ ግን ልክ አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ሽሮና ጎመን የሚበላ ጿሚ ራሱን አላስራበም፣ ውሃውን አለመርሳት ብቻ ነው። ይልቅ የሚያሰጋኝ የፍስኩ ቀን ነው። ሁለት ወር ገደማ ሥጋ ያልቀመሰ ሰው በፋሲካ ጠዋት ዱለት፣ ቀትር ላይ ቁርጥ፣ ማታ ጥብስ በቢራ ካለ፣ ሪሁ በማግስቱ ቢነሳ በምን ይገረማል? ጉበትና ኩላሊት ፒዩሪን ከሚበዛባቸው ምግቦች ውስጥ ናቸው፤ ለበሽተኛ ይሻላል እየተባለ የሚቀርበው የሥጋ መረቅም ፒዩሪኑ ወደ ፈሳሹ ስለሚወጣ ከዚሁ ወገን ነው።

ከጾም ምግብ ግን ያለ በቂ ምክንያት የሚፈረድበት አለ። ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ፒዩሪን አላቸው ተብለው ሪህ ካለበት ሰው ገበታ ይነሳሉ። በአሜሪካ ከ47 ሺህ በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲታተም ሥጋና የባሕር ምግብ የሚያበዙት ለሪህ ይበልጥ ሲጋለጡ፣ ፒዩሪን ያላቸውን ጥራጥሬና አትክልት የሚበሉት ግን ተጨማሪ ጉዳት እንዳልታየባቸው አሳየ። ከአልኮል መጠጦች ከሁሉ የባሰው ቢራ ሆኖ ተገኘ። በስኳር የጣፈጠ ለስላሳም ተከሳሽ ነው፤ በውስጡ ያለው ፍሩክቶስ በጉበት ሲፈርስ ዩሪክ አሲድ ይወጣዋል። ቅባቱ የወጣለት ወተትና ቡና ደግሞ ከመጋለጥ መቀነስ ጋር ተያይዘው ታዩ። ቡናችን ተርፎልናል ማለት ነው፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልጨመርንበት። ክብደት ለሚቀንስ ሰው ሽሮና ምስር ሌላም ጥቅም አላቸው፤ ዘይቱ ካልበዛ በትንሽ ካሎሪ ያጠግባሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሪሁ ሊነሳ ይችላል። ከተነሳ የቀኑን ምግብ መዝለል አያስፈልግም፤ ሐኪም ፈሳሽ ካልከለከለ ውሃ አብዝቶ መጠጣት፣ እግርን ትራስ ላይ ሰቅሎ ማሳረፍና በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለአጭር አጭር ጊዜ መያዝ ይረዳል። ማሸት ይቅር። መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል፤ ኮልቺሲን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው የሚሠራው፣ መጠኑ ከታዘዘው ሲያልፍ ግን መርዝ ነው። እንደ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ያግዛሉ። ነገር ግን ኩላሊቱን፣ ጨጓራውን ወይም ልቡን የሚያመው ሰው ከፋርማሲ በራሱ ገዝቶ ሊወስዳቸው አይገባም፤ ሪህ ካለባቸው መካከል ደግሞ የደም ግፊትና የኩላሊት ችግር ያለበት ብዙ ነው። ከመገጣጠሚያው እብጠት ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ሪህ ነው ብሎ መተኛት አይሆንም፤ መገጣጠሚያው በባክቴሪያ ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ሪሁ የሚደጋገምበት ሰው ዩሪክ አሲዱን በዘላቂነት የሚያወርድ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ የታወቀው አሎፑሪኖል ነው። ይህን መድኃኒት በማግኘት የተሳተፉት ገርትሩድ ኤሊዮንና ጆርጅ ሂቺንግስ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሳይንቲስቶች መካከል ናቸው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ላይ ትመጣለች። አሎፑሪኖል ዩሪክ አሲዱን ሲያወርድ የተከማቸው ክሪስታል ስለሚነቃነቅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪሁ እንዲያውም ሊደጋገም ይችላል። ብዙ ሰው «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ የሚጥለው በዚህ ጊዜ ነው። ሐኪሞች ከቀን 100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ባነሰ መጠን ጀምረው ቀስ እያሉ የሚጨምሩት፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ደግሞ በትንሽ ኮልቺሲን የሚያጅቡት ለዚህ ነው። ሪሁ ሲነሳ አሎፑሪኖል አይቋረጥም። ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ወዲያው አቁሞ ሐኪም ጋ መሄድ ይገባል፤ አልፎ አልፎ ብርቱ የቆዳ ጉዳት ያደርሳል። ክብደት ለመቀነስ የተነሳና ሪህ ያለበት ሰው ዳይቱን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ማማከሩ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ መከላከያው መድኃኒት ቀድሞ ሊታዘዝለት ይችላል።

እንቅስቃሴውን በተመለከተ፣ ጣቱ እያበጠ መሮጥ ጀግንነት አይደለም። ሲሽር በእግር መሄድ፣ ብስክሌት ወይም ዋና መጀመር ይቻላል።

የደም ምርመራው ጊዜ ግን ብዙዎችን ያሳስታል። ሪሁ በተነሳበት ቀን የተወሰደ ደም ዩሪክ አሲዱን ጤናማ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል፣ በሕመሙ ወቅት መጠኑ አንዳንዴ ይወርዳልና። ውጤቱን አይቶ «ሪህ አይደለም» ከማለት ይልቅ ሕመሙ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ይሻላል። መድኃኒት ለሚወስድ ሰው መድረስ ያለበት ልክ ከ6 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ነው።