ጃኩዚ ከመግዛት በፊት ቤትን መመርመር

አዲስ አበባ ከሙቅ ውኃ መታጠቢያ ተነሥታ የተቆረቆረች ከተማ ናት ቢባል ከእውነት አይርቅም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፍልውኃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም በዚያው አካባቢ ቤት አሠርተው ለስፍራው አዲስ አበባ የሚለውን ስም ሰጡት። ከፍልውኃ ሽቅብ የሚገኙት አራዳና ፒያሳ ደግሞ ከተማዋ ዘመናዊ ነገሮችን ቀድማ የተቀበለችባቸው ሰፈሮች ሆኑ። ዛሬ በእነዚህ ሰፈሮች አሮጌ ቤቱን የሚያድስ ወይም አዲስ አፓርታማ የሚገዛ ሰው ሙቅ ውኃውን እቤቱ ድረስ ለማምጣት ሲያስብ፣ በተለምዶ ጃኩዚ የሚባለውን የመታጠቢያ ገንዳ ያማርጣል።

ፒያሳ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ አደባባይ ነው። ጃኩዚም እንዲሁ ከጣሊያን ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ወንድማማቾች የቤተሰብ ስም ነው። እነዚህ ወንድማማቾች የፓምፕ ሠሪዎች ነበሩ። የአንደኛቸው ሕፃን ልጅ በመገጣጠሚያ ሕመም በመያዙ፣ እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ውኃን በኃይል የሚገፋ ፓምፕ ለሕክምናው ሠሩ። ፓምፑ ከገንዳው ጋር አብሮ የተገጠመበት የመጀመሪያው ምርት እ.ኤ.አ በ1968 ወጣ። ስሙ ከዚያ ወዲህ የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ሁለቱ ዓይነቶች በምን ይለያያሉ?

በገበያ ላይ በአንድ ስም የሚጠሩት ገንዳዎች በአሠራራቸው ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ውኃ የሚረጭ ነው። ፓምፑ ከገንዳው ውኃ ይስብና ከጀርባ ባሉ ቧንቧዎች አዙሮ፣ ከአየር ጋር ቀላቅሎ፣ በጥቂት አፎች በኃይል መልሶ ይረጨዋል። ወገብን፣ ትከሻንና እግርን ለይቶ የሚያሽ በመሆኑ ጠንከር ያለ መታሸት ለሚፈልግ ሰው ይስማማል።

ሁለተኛው አየር የሚነፋ ነው። በዚህኛው ውኃው ከገንዳው አይወጣም። ነፊው ሞተር ከወለሉና ከጎኑ ባሉ በርካታ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር ስለሚያስገባ፣ ውኃው የሚፈላ ያህል አረፋ ያወጣል። ስሜቱ ለስላሳና መላ ሰውነትን የሚዳስስ ነው። ይሁን እንጂ የሚነፋው አየር ውኃውን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል።

ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ አፎቹ ብዛትና ስለ መብራቱ ቀለም ነው። ገዢው ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ቤቱ ገንዳውን መቻል አለመቻሉን ነው።

ውኃው ይበቃል ወይ?

መካከለኛ መጠን ያለው ገንዳ ወደ 200 ሊትር ውኃ ይይዛል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር 10 ጀሪካን ነው። በደቂቃ 8 ሊትር በሚያፈስ ሻወር ለ6 ደቂቃ መታጠብ ግን 50 ሊትር እንኳ አይፈጅም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ገንዳ መሙላት አራት ሰው በሻወር ከሚታጠብበት ውኃ ጋር እኩል ነው።

በአዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ቤቶች የቤተሰቡ ኑሮ የተመሠረተው በጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ነው። 1 ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ላለው ቤት አንድ የገንዳ መታጠቢያ የክምችቱን አንድ አምስተኛ ይወስዳል። ከዚህም ሌላ ውኃ የሚረጨው ገንዳ ሞተር ውኃው አፎቹን ሳይሸፍን መነሣት የለበትም፤ በደረቁ ከሠራ ይቃጠላል። ገንዳው ሳይሞላ ውኃ ከሄደ ሞተሩን አለማስነሣት ግድ ነው።

ማሞቂያውና ኤሌክትሪኩ

200 ሊትር ውኃን ከ18 ዲግሪ ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለማድረስ ወደ 4.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል። ይህን ያህል ውኃ በ2 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ለማሞቅ ከሁለት ሰዓት በላይ መጠበቅ ማለት ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋ ከተሞች የቧንቧው ውኃ ይበልጥ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ጊዜውም ወጪውም ይጨምራል።

የማሞቂያው መጠንም መታሰብ አለበት። 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ውኃውን 65 ዲግሪ ቢያደርሰው፣ ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው ለመታጠቢያ የሚሆን ውኃ 117 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ባለ 80 ሊትሩ ወደ 188 ሊትር ይሰጣል። ለሻወር የተገዛ ትንሽ ቦይለር ገንዳ ይሞላል ብሎ መግዛት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መቀመጥን ያስከትላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ደኅንነት ነው። ውኃና ኤሌክትሪክ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲገናኙ ስሕተቱ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ገንዳው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው፣ ባለሙያዎች ኧርዝ የሚሉት ከመሬት ጋር የሚያያዝ ሽቦ በትክክል ሊገጠምለት ይገባል። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚያቋርጥ፣ በ30 ሚሊ አምፔር የሚሠራ መከላከያም የግድ ነው። የብዙ አሮጌ ቤቶች መስመር ለአምፖልና ለሬዲዮ ታስቦ የተዘረጋ በመሆኑ፣ ኧርዝ መኖሩን ባለሙያ ሳያረጋግጥ ገንዳ መግጠም አይገባም። ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚላክ ገንዳ ካለ ደግሞ በሀገራችን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ የሚሠራ መሆኑ ከዕቃው ላይ መነበብ አለበት።

ወለሉ ይሸከማል ወይ?

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። 200 ሊትር ውኃ፣ 50 ኪሎ የሚሆን ገንዳና ሞተር፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲደመሩ 320 ኪሎ ይሆናል። ገንዳው 1.70 ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ክብደት ከ230 ኪሎ ይበልጣል። የመኖሪያ ቤት ወለል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታቀደው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ለሚጠጋ ጭነት ነው።

በደንብ የተሠራ የኮንክሪት ሶሌታ በአንድ ማዕዘን ላይ ያረፈን እንዲህ ያለ ጭነት ሊችል ይችላል፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ትልቅ ገንዳ ሲታሰብ ግን መሐንዲስ ማማከር ተገቢ ነው። በአራዳና በፒያሳ ከቀሩት ነባር ቤቶች መካከል ምድር ቤታቸው በድንጋይ፣ ፎቃቸው በእንጨት የተሠሩ አሉ። እርጥበት የበላው የእንጨት ወለል ላይ ገንዳ ማስቀመጥ ከታች ያለውን ሰው ለአደጋ ማጋለጥ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ገንዳው ምድር ቤት ይሁን፤ ካልሆነም ይቅር።

ጽዳት፦ የማይታየው ልዩነት

ውኃ የሚረጨው ገንዳ ከታጠቡበት በኋላ ቢደርቅም በቧንቧዎቹ ውስጥ ጥቂት ውኃ ይቀራል። ከሰውነት የወጣ እድፍ፣ ሳሙናና ቅባት ከዚያ ጋር ስለሚጠራቀም ተሕዋስያን ይራቡበታል። ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሣ ያንን ሁሉ ወደ ገንዳው ይመልሰዋል። ስለዚህ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ገንዳውን በሙቅ ውኃ ሞልቶ፣ የማይኮፈኩፍ የጽዳት ፈሳሽ ወይም አምራቹ በሚፈቅደው መጠን በረኪና ጨምሮ፣ ሞተሩን 15 ደቂቃ ያህል ማሠራት፣ ከዚያም አፍስሶ በንጹሕ ውኃ እንደገና ማጠብ ያስፈልጋል። በረኪናና ኮምጣጤ ግን በፍጹም መቀላቀል የለባቸውም፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራሉ።

አየር በሚነፋው ገንዳ ቧንቧዎች ውስጥ የሚያልፈው በዋናነት አየር ነው። ብዙዎቹ ከመታጠብ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ነፍተው የቀረውን እርጥበት ያደርቃሉ። ለማድረቅ ግን መብራት መኖር አለበት፤ መብራት በዚያ ሰዓት ከጠፋ ሲመለስ ነፊውን ማስነሣት መዘንጋት የለበትም።

ይህ ልዩነት በውኃ ሲሰላ ጎልቶ ይታያል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚታጠብ ሰው በወር 800 ሊትር ይጠቀማል። ውኃ የሚረጨው ገንዳ ለጽዳት ብቻ ሁለት ጊዜ ስለሚሞላ 400 ሊትር ይጨምራል፤ ድምሩ 1 ሺህ 200 ሊትር ወይም 60 ጀሪካን ይሆናል።

እነማን ይጠንቀቁ?

ሙቅ ውኃ የደከመ ጡንቻንና የጠጠረ መገጣጠሚያን ያፍታታል። ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸውና ስኳር ሕሙማን ግን አስቀድመው ሐኪማቸውን ሊያማክሩ ይገባል። የውኃው ሙቀት ከ40 ዲግሪ መብለጥ፣ ቆይታውም መርዘም የለበትም። ፓምፑ የሚስብበት ቀዳዳ ፀጉር ሊይዝ ስለሚችል ክዳኑ የተሰበረ ገንዳ ውስጥ መግባት አደገኛ ነው። ሕፃናትን ለአፍታም ቢሆን ብቻቸውን መተው አይገባም።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ?

ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው፣ ነገር ግን ወለሉና የኤሌክትሪክ መስመሩ አስተማማኝ ለሆነ ቤት፣ ለጽዳት ብዙ ውኃ የማይጠይቀው አየር የሚነፋው ገንዳ ይሻላል። ጠንካራ መታሸት የሚፈልግ፣ በቂ ውኃ ያለውና በየወሩ ለማጽዳት የማይሰለች ሰው ውኃ የሚረጨውን ቢመርጥ አያጣላም። በየትኛውም ቢሆን ሞተሩ ያለበት ጎን በሴራሚክ ተደፍኖ መዘጋት የለበትም፤ የሚከፈት በር ካልተተወለት ለትንሽ ብልሽት ግድግዳ ማፍረስ ይመጣል። መለዋወጫው ሀገር ውስጥ መገኘቱንም ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማረጋገጥ ይገባል።

ውኃው፣ መስመሩ ወይም ወለሉ የማይፈቅድለት ቤት ደግሞ ጥሩ ሻወር ወይም ሞተር የሌለው ተራ ገንዳ ቢያስገባ አይጎዳም። ለመዝናናትና ለሰውነት ዕረፍት ያህል፣ የአራዳ ሰው ቁልቁል ወርዶ ፍልውኃ፣ የደቡብ ጎንደርና የባሕር ዳር ሰው ደግሞ ደራ ውስጥ ያለው ዋንዛዬ ፍል ውኃ አለለት። በዚያ ያለውን ውኃ የምድር ሙቀት ያሞቀዋል፤ የቤቱ ሮቶም ሳይነካ ለማብሰያና ለመጠጥ ይቀራል።